ቀልበ ቢስ ያልነው ሰው

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



«ቀልብ» የምትለዋ ቃል ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ስትሻገር ትርጉሟን በመጠኑ ለውጣለች። በዐረብኛ ልብ ማለት ስትሆን፣ ሥሯም ከመገለባበጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን የቋንቋው ሊቃውንት ይናገራሉ። እኛ ዘንድ ግን ቀልብ ይበልጡን ትኩረት ነው፤ ነገርን ልብ ብሎ መያዝ ነው። «ቀልብህን ሰብስብ» እንላለን፤ «ቀልቤን ሳበው» እንላለን፤ የሚረሳውን፣ የሚዘናጋውን፣ ጀምሮ የማይጨርሰውን ሰው ደግሞ «ቀልበ ቢስ» ብለን እንጠራዋለን። ነገሩ የሚበላሸው እዚህች የመጨረሻዋ ላይ ነው። ሙስሊሙ «ቀልበ ቢስ» ሲል የዐረብኛው ትርጉም ከኋላ እየተከተለው፣ ወቀሳው ከትኩረት ጉድለት ወደ ልብ ጉድለት፣ ከልብ ጉድለትም ወደ ኢማን ጉድለት ይሸጋገርበታል። ሰውዬው ቁልፉን ስለ ረሳ ብቻ አላህን ረሳ ይባላል።

የማውቀው አንድ ወንድም አለ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ዕድሜው 36 ነው፤ ተምሯል፤ ሥራ አለው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። የበሩ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ቁልፍ ሠሪ ከእርሱ ይልቅ ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ካርድ ሊሞላ ወጥቶ ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል፤ ቤቱም ያን ዕለት በሻማ ያመሻል። ከመገናኛ በሚሳፈርበት ታክሲ ውስጥ ሁለት ሞባይል ጥሏል። የዕቁብ ቀኑን ሌሎች ካላስታወሱት አይደርስበትም። ሰው ሲያናግረው ዓይኑ ሰውየው ላይ ነው፣ ሐሳቡ ግን ጎሮ ደርሶ ይመለሳል። ባለቤቱ «ለእኔ ግድ የለህም» ብላ ታለቅሳለች፤ እርሱም ግድ እንዳለው ማስረጃ የሚሆን ነገር ያጣል። አማቱ በበኩላቸው «ይህ ልጅ አንድ ነገር ተደርጎበታል» ብለው ወስደው አስቀርተውበታል፤ ብርም ተከፍሏል።

ይኸው ሰው ግን የተበላሸ ኮምፒዩተር ከተሰጠው ከዒሻ እስከ ፈጅር ሳይነሳ ይቀመጣል። ሰዎች የሚፈርዱበትም በዚህ ነው። «ለወደደው ጊዜ ከየት አመጣው? የማይረሳ ከሆነ ለምን ሶላቱን ይረሳል?» ይላሉ። ሚዛኑ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ በሽታው ምንነት ካለማወቅ የመጣ ሚዛን ነው።

ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው፣ በአማርኛ የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ልንለው የምንችለው ችግር የአንጎል አሠራር ልዩነት ነው። ስሙ «ማነስ» ቢልም የሚጎድለው ትኩረቱ ራሱ አይደለም፤ ትኩረትን ወደሚፈለገው ቦታ የሚያዞረው መሪ ነው የሚላላው። ሰውየው ትኩረቱን በፈቃዱ አያዝዘውም፤ ነገሩ አዲስ፣ አጓጊ ወይም አጣዳፊ ከሆነ ይመጣለታል፣ አሰልቺ ከሆነ ግን ቢለምነውም አይመጣም። ሐኪሞች ይህን በአንጎል ውስጥ መልእክት ከሚያስተላልፉት ከዶፓሚንና ከኖርአድሬናሊን ጋር ያያይዙታል። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። አሌክሳንደር ክራይተን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1798 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትኩረታቸውን አንድ ቦታ ማቆየት ስለማይችሉ ሰዎች ጽፏል፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆርጅ ስቲል ለንደን ላይ ባደረጋቸው ንግግሮች እንዲህ ያሉ ሕጻናትን ገልጿል። ለረጅም ጊዜ የልጅነት ችግር ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ፣ ከብዙዎቹ ጋር አብሮ እንደሚያድግ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ድርሻው በአብዛኛው የዘር ውርስ መሆኑን ያሳያሉ። በሌሎች አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከአዋቂዎች መካከል 2.5 በመቶ ያህሉ ችግሩ እንዳለባቸው ይገመታል። ግምቱ ለእኛም ቢሠራ፣ ለጁሙዓ 1000 ሰው በሚሰበሰብበት መስጊድ ሃያ አምስቱ ኹጥባውን ለመከተል ከራሳቸው ጋር እየታገሉ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

በሴቶች ላይ ደግሞ ይበልጥ ይሰወራል። ልጅቷ እንደ ወንድሟ ወንበር ላይ ካልዘለለች፣ በዝምታ በመስኮት ስትመለከት ከዋለች፣ ማንም አይጠረጥራትም፤ ጨዋ ትባላለች። አድጋ ስታገባ ግን ሩዙ ሲያርባት፣ ልጇን ከመድረሳ የምታመጣበት ሰዓት ሲያልፍባት፣ እንግዳ ተጠርቶ ቤቱ ሳይሰናዳ ሲቀር ስሟ ዝርክርክ ይሆናል። ወንዱ «ሥራ በዝቶበት ነው» ተብሎ በሚታለፍበት ነገር እርሷ ባለሙያ አይደለችም ተብላ ትወቀሳለች። ይህ ከዲኑ የመጣ ፍርድ አይደለም፤ ከልማዳችን የመጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም በ34 ዓመቴ ሐኪም ፊት ተቀምጬ ስለ አንደኛ ክፍሌ ስጠየቅ ቆይቼ የነገሩን ስም ሰምቻለሁ። ሙያዬ ደግሞ ጋዜጠኝነት ነው፤ የማስረከቢያ ሰዓት ሲደርስ ብቻ የሚነቃ አንጎል ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ እንጀራ መኖሩን እንጃ። ስሙን ማወቅ ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ሶላቴ ላይ ነው፤ ወደዚያው ልመለስ።

ገርጂ አካባቢ ባለ አንድ መስጊድ በዕለተ ጁሙዓ የሰማሁት ኹጥባ አለ። ኸጢቡ ሱረቱ አል-ማዑንን መሠረት አድርገው፣ ከሶላታቸው ዘንጊ ለሆኑ ሰጋጆች ወዮላቸው የሚለውን መልእክት አብራሩ። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ስንት ረከዓ እንደሰገደ የማያውቅ ሰው ዛቻው በቀጥታ የሚመለከተው እርሱን መሆኑን ተናገሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አንገቱን ደፋ። እኔም ኸጢቡን ሰላም ብዬ ወጣሁ እንጂ በሰው ፊት ልከራከራቸው አልፈለግሁም፤ የኢማም ክብር አለና። ነገር ግን በዚህች አያ ላይ የቀደሙት ሙፈሲሮች ያስተላለፉልን አንድ ትልቅ ማስተዋል አለ። አላህ (ሱ.ወ.) በዚህ ቦታ የተጠቀመው «ዐን» የሚለውን ቃል ነው፤ «ፊ» አላለም። ይኸውም ዛቻው የተነገረው ከሶላቱ ለዘነጋው፣ ማለትም ለሶላቱ ደንታ ለሌለው፣ ጊዜዋን ለሚያሳልፈውና ለይዩልኝ ለሚሰግደው ነው። በሶላቱ ውስጥ ሐሳቡ ለሸሸበት ሰው ቢሆን ኖሮ ከመካከላችን ማን ይተርፍ ነበር? ከቀደምቶች መካከል ስለዚህች ፊደል አላህን ያመሰገኑ አሉ። አንዲት መስተዋድድ በመኻላችን ባትቆም ሁላችንም ተይዘን ነበር።

ዑመር (ረ.ዐ.) ራሳቸው ሶላት ላይ ሆነው ሠራዊታቸውን እንደሚያደራጁ መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ከእርሳቸው የሚበልጡት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ከቀኑ ሶላቶች አንዱን ሁለት ረከዓ ብቻ ሰግደው አሰላመቱ። ሰዎች ፈርተው ዝም ሲሉ ዙል-የደይን የሚባለው ሶሐባ ሶላቱ አጥሮ ነው ወይስ ረስተው ነው ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ሌሎቹን ጠይቀው ሲያረጋግጡ የቀረውን ሞልተው ሁለት ሱጁድ አደረጉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሌላ ጊዜ አምስት ረከዓ ሰግደው ሲነገራቸው እርሳቸውም ሰው መሆናቸውን፣ እንደ ሰው እንደሚረሱ፣ ሲረሱም እንዲያስታውሷቸው ነገሯቸው። ልብ በሉ፤ ዙል-የደይን አልተገሠጸም። ዝም ያለው ጀመዓም አልተወቀሰም። ሶላቱም ተጠግኖ ቀጠለ።

ከዚህ ተነስቶ ነው የፊቅህ ሊቃውንት «ሱጁደ ሰህው» የሚለውን ሙሉ ምዕራፍ ያቆሙት። ሦስት ይሁን አራት የተጠራጠረ ሰው ጥርጣሬውን ጥሎ በእርግጠኛው ላይ ይገንባ፣ ከዚያም ሁለት ሱጁድ ያድርግ የሚለው የአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) ዘገባ በሙስሊም ይገኛል። ጥርጣሬ በየሶላቱ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ጨርሶ እንዳይሰማው ዑለማዎች መክረዋል። እኔ ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አዛውንት ሸኽን ባማከርኩ ጊዜ ነው።

«ሸኽ፣ አንዷን ሶላት ስንት ጊዜ ልድገማት? ሁልጊዜ ያመልጠኛል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ስትጨርስ የጎደለው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። መጉደሉ ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

«እንግዲያውስ አትድገም። ሸሪዓው ለመላእክት አልወረደም፣ ለእኛ ነው የወረደው። የረሳህ ከመሰለህ ሁለቷን ሱጁድ ውረድና ሂድ። መድገም ስታበዛ መስገድ ያስጠላሃል፤ እርሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

እኚህ ሸኽ ስለ ዶፓሚን አንድም ቃል አልሰሙም። ነገር ግን ሐኪሙ ከነገረኝ ጋር አልተጋጩም። ኀፍረት የበዛበት ሰው የሚያፍርበትን ነገር መሸሽ ይጀምራል። በኮንዶሚኒየሙ ያለው ወንድማችንም መጀመሪያ የተወው ጀመዓውን ነው፤ የሰው ዓይን ስለሚከብደው። ሱናውን የተወው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ሰው «ሶላት ተወ» ብሎ ሲያወራ፣ እንዲተው የገፋው የእኛ ምላስ መሆኑን አይቆጥርም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ታዲያ ሁሉም ሰው በሽታ አለብኝ እያለ ቃሉን ይብላ? አበዳሪው ገንዘቡን ይጣ? ሚስትስ ብቻዋን ትድከም?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም ሊቃውንቱ አስቀድመው ሰጥተዋል። መርሳት የሚያነሣው ኃጢአቱን ነው፤ ዕዳውን አያነሣም። በሱረቱ አል-በቀራህ ማብቂያ ላይ (2፡286) ብንረሳ ወይም ብንስት እንዳይዘን ጌታችንን እንድንለምን ተምረናል፤ ከሕዝባቸው ላይ ስሕተትና መርሳት ይቅር መባሉንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ሆኖም ረስቶ የሰውን ንብረት ያጠፋ ይተካል። ረስቶ ሶላት ያለፈችው ባስታወሰ ጊዜ ይሰግዳታል፤ ሌላ ማካካሻ የለባትም፤ ግን ትሰገዳለች። ጾመኛ ረስቶ ቢበላ ጾሙን ይሞላል፤ ያበላው አላህ ነውና። እያንዳንዱ ቦታ በልኩ ነው። ለሰው የሚገባው ሐቅ ግን በመርሳት አይሰረዝም፤ ዕቁቡ ይከፈላል፤ የተጣለው ዕቃ ይተካል፤ ባለቤቱም ይቅርታ ትጠየቃለች።

በሌላ በኩል ቃል ገብቶ ማፍረስ ከኒፋቅ ምልክቶች አንዱ መሆኑን የሚያስረዳውን ሐዲስ ይዘን የረሳውን ሁሉ ሙናፊቅ ማለት አንችልም። ምልክቱ የተነገረው ሲገባም ሊያፈርስ አስቦ ለሚገባው መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሊፈጽም አስቦ ላልቻለ ኃጢአት እንደሌለበት የሚገልጽ ዘገባም ቲርሚዚ ዘንድ አለ፤ ሰነዱ ጠንካራ አለመሆኑን ራሳቸው ኢማም ቲርሚዚ ጠቁመዋል፤ ትርጉሙ ግን ከመሠረታዊው ሕግ ጋር የሚስማማ ነው።

ኃጢአቱ ተነሥቶ ዕዳው ከቀረ፣ ዕዳውን እንዴት መክፈል ይቻላል? እኔ ለብዙ ዓመታት «የማስታወስ ችሎታዬን ማጠንከር አለብኝ» በሚል ሐሳብ ስንከላወስ ኖሬአለሁ። ቁርኣን የሚያዝዘው ግን ሌላ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉም ረጅሟ አያ (2፡282) ስለ ምን እንደምትናገር ታውቃላችሁ። ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳንሰለች፣ ምስክር እንድናቆም፣ አንዷ ብትስት ሌላዋ እንድታስታውሳት ታዝዛለች። የሰውን ልጅ የፈጠረው ጌታ ማስታወሻችንን ከጭንቅላታችን ውጪ እንድናስቀምጥ ነው የነገረን። እንግዲህ ሞባይሉ ላይ አስር ማንቂያ የሞላ፣ በሩ ላይ «ቁልፍ፣ ቦርሳ፣ መታወቂያ» ብሎ የለጠፈ፣ የቤት ኪራዩን ደመወዝ በገባበት ሰዓት በቴሌብር የሚልክ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ግመሏን አስሮ ነው የተወከለው።

ሰውን አስታዋሽ ማድረግም ሱና ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከኸይበር ሲመለሱ ሌሊት ደክሟቸው ሲያርፉ ፈጅርን እንዲጠብቅ ቢላልን (ረ.ዐ.) አቁመዋል። ቢላልም ግመሉን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ፀሐይም ወጣች፤ ሲነቁ ሰገዱ። አስታዋሹ ራሱ ሊተኛ እንደሚችል እንኳ በዚህ ተምረናል። የእኔ ቢላል ሰባተኛ ክፍል የምትማር የእህቴ ልጅ ናት፤ ዐስር ሲደርስ ትደውልልኛለች፤ እርሷ ፈተና ባለባት ሳምንት ሁለታችንም እንቸገራለን።

ከፊታችን ያለውን ማራገፍም እንዲሁ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ጥለቱ ትኩረታቸውን ስለሳበው፣ ለአቡ ጀህም እንዲመለስና በምትኩ ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው አዘዋል። ራሳቸውን በመውቀስ አልተጠመዱም፤ ልብሱን ቀየሩት። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ውስጥ ስለ ልብ መገኘት ሲያስተምሩ በጠባብና ጨለም ባለ ክፍል፣ ወደ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ዓይን የሚያዝበትን ነገር አርቆ መስገድን መክረዋል። እዚያው ላይ የፊቅህ ሊቃውንት ለሶላቱ መጽደቅ የልብን መገኘት የጠየቁት በመክፈቻው ተክቢር ጊዜ ብቻ መሆኑን ጠቅሰዋል። በዚህ ዘመን በየመስጊዱ ሚሕራብ ዙሪያ የሚንቦገቦግ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ስንሰቅል፣ ምንጣፉንም በአበባ ስንሞላ፣ ያቺን ጥለት ማስታወስ ነበረብን። የመስጊድ ኮሚቴዎች ቢያስቡበት።

አሁን ወደማይወደደው ርዕስ ልግባ። ብዙ ወንድሞች ይህን ችግር ሳያውቁት እያከሙት ነው፤ በጫት። ሲቅሙ ሐሳባቸው ይሰበሰባል፣ ሒሳቡ ይሠራል፣ ኪታቡ ይገለጣል፣ ቃል የማይወጣው ሰው ያወጋል። በቦሌ በየመንደሩ ያለው በርጫ ሁሉ የሱስ ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ እረፍት ያጣ አንጎል የሚያርፍበት ቦታ የሆነለት ሰው አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በ1975 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። የአምፌታሚን ዘሮች ደግሞ በሌሎች አገሮች ሐኪሞች ለዚሁ ችግር በልክ የሚያዝዟቸው መድኃኒቶች ናቸው። ልዩነቱ «በልክ» የሚለው ላይ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ነው በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚመጣው፤ የዛሬው እስር ከትናንቱ ጋር አይተካከልም፤ መጠኑን የሚያውቅ የለም። ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ ከቀድሞው የባሰ ይረሳል፣ ስለዚህ ይደግማል። አንዳንዱ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ወደ ግልጽ ሐራም ይሻገራል። የመካው ሊቅ ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ በፊት ስለ ጫት ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል። ከየመን የተጻረሩ ምስክርነቶች ስለ ደረሷቸው በቁርጥ ሐራም ከማለት ተቆጥበው፣ መራቅ እንደሚገባ ግን አስጠንቅቀዋል። እኔ በሊቃውንቱ መካከል አልገባም። በጫት ብቻ ትኩረት የሚያገኝ ሰው ግን ይህ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አውቆ ለሐኪም ቢናገረው፣ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ሰጥቷል።

ሩቅያንስ? ዑስማን ኢብኑ አቢል-ዓስ (ረ.ዐ.) ሸይጧን በእርሳቸውና በሶላታቸው መካከል እንደገባ ከስሰው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአላህ እንዲጠበቁና ወደ ግራቸው ሦስት ጊዜ በቀስታ እንዲተፉ አስተምረዋቸዋል፤ እርሳቸውም አድርገው እንደተወገደላቸው ተናግረዋል። ሐቅ ነው፣ እናምንበታለን፣ እናደርገዋለንም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ማንም ሰው ለራሱ በነጻ የሚያደርገው ነው። ሰውን ለአርባ ቀን አስቀምጦ፣ በጆሮው እየጮኹ፣ ብር እየተቀበሉ «ጂኑ እንቢ አለ» ማለት ከዚህ ሐዲስ የት ይገኛል? መታከምን ያዘዙትም እኚሁ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው፤ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ፣ እርጅና ሲቀር፣ ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ አለ። የነፍስን ሕመም እንደ አካል ሕመም ማከም የፈረንጅ ፈጠራ የሚመስለው ካለ፣ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባሉት ሊቅ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በአንድ መጽሐፍ አጣምረው መጻፋቸውን ይወቅ።

የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አማኑኤልን ነው፤ ስሙንም ለስድብ እንጠቀምበታለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ እዚሁ አገር ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስለዚህ አባቶቻችን «ለዚህ ሐኪም አለው እንዴ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ዛሬ ግን በምሥራቅ አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ኮተቤ ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ብዙ ሰው በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ጊዜ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ሐኪሙ የሚጠይቀው ነገር ቀላል ነው። ችግሩ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ነበረ ወይ? በቤትም በሥራም ይታያል ወይ? ኑሮን ምን ያህል አናግቷል? በመሆኑም የሚችል እናቱን ወይም ታላቅ እህቱን ይዞ ቢሄድ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ካርዱንም ቢፈልግ ይጠቅመዋል። ባለፈው ወር የጀመረ መርሳት ይህ በሽታ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘንና ድብርት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የደም ማነስም ቀልብ ይበትናሉ። ሌሊቱን ሞባይል ላይ ሲያድር የነበረ ወጣትም ቀልቤ ተበተነ ቢል የመጀመሪያ መድኃኒቱ ሞባይሉን መዝጋት ነው።

ለልጆች ጉዳይ ድምፅ የሚሆኑ ሰዎች ተገኝተዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ሁኔታ ይዘው አደባባይ ወጥተው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እስኪያቋቁሙ ድረስ ኦቲዝም በየጓዳው የሚደበቅ ነገር ነበር። የአዋቂው የትኩረት ችግር ግን እስካሁን የሚናገርለት እናት አላገኘም። አዋቂ ነዋ፤ ራሱን ይቻል ይባላል።

መድኃኒት የታዘዘላቸው አንዳንድ ወንድሞች ስለ ረመዳን ስለሚጠይቁኝ እርሱን አንስቼ ላብቃ። አንዳንዱ መድኃኒት በቀን አንዴ ተወስዶ ቀስ እያለ የሚሠራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ከሱሑር ጋር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪምን መጠየቅ ነው። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወሰደው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርጉት ተራዊሕን ያነቃቃ እንጂ እንቅልፍን ሊያሳጣ ይችላል። መድኃኒቱን አቁሞ መጾም የሚጎዳው መሆኑን ሐኪም የነገረው ሰው ደግሞ በሽተኛ ነው፤ የበሽተኛ ፈቃድ በሱረቱ አል-በቀራህ 184ኛና 185ኛ አያዎች ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ሙስሊም ካልሆነ ስለ ጾሙ ሰዓት በግልጽ ንገሩት፤ ምን ጊዜ እንደምንበላ የማያውቅ አለና። ይህ ሁሉ ምክክር ደግሞ ጨረቃ በታየች ሌሊት የሚሆን አይደለም። ቀጠሮው በሸዕባን መጀመሪያ ይያዝ፤ ቀኑም አሁኑኑ ይጻፍ።

ወላሁ አዕለም።